በመቀስ የሚለቀም ቲማቲም

ነይ ወደዚህ ጠጋ በይ፣ የጓሮው ቆርቆሮ እዚህ ጋ አያፈስም። ያኛው ጥግ ላይ ቅድም ተቀምጬ ጀርባዬ በስብሶ ነው የተነሳሁት። ወይ እህቴ፣ የአክስቴ ልጅ፣ እንዴት ነሽ ግን? መንገዱስ? አውቶብሱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ አላስወረዳችሁም? ዘንድሮ እኮ ክረምቱ ወጣ ብለን ጃንጥላችንን ቁም ሳጥን ላይ በወረወርን ማግስት መጸው ራሱ ክረምት ሆኖብን ቁጭ አለ። ጠዋት ያካፋል፣ ከሰዓት ይወርዳል፣ ሲመሽ ደግሞ የረሳው ዕቃ ያለ ይመስል ተመልሶ ይመጣል። ደግነቱ ለጓሮው ተስማምቶታል። እይው እስቲ ያንን ጎመን! ቆስጣውስ? ካሮቱን ቅድም ነቀልኩና አንዱን እዚያው ቆሜ በላሁት፣ እንደ ልጅነታችን። እማዬ «ሳታጥቡ እንዳትበሉ!» እያለች በመስኮት ስትጮህብን ትዝ ይልሻል? … በመስኮት። አዎ። ያኔ ከክፍሏ ሆና ጓሮውን በሙሉ ታየው ነበር።

በሞቴ፣ አንቺም ይችን ካሮት ብዪ። ከዚያ ይሄንን ፎሶሊያ ጫፍ ጫፉን ቀንጥቢልኝ፣ እኔ ደግሞ ላጫውትሽ። ለዛሬው ምሳ ነው። የወንድሜ ልጅ የሚያገባት ልጅ ከእናትና አባቷ ጋር ትመጣለች፣ ቤቱን ሊያዩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ቤት ማየት ማለት ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ሳሎን ተቀምጦ ሻይ ጠጥቶ መሄድ አይደለም። በር ይከፈታል። «ይሄ የማን ክፍል ነው? ያኛውስ?» ይባላል። የልጅቷ እናት ነርስ ናት አሉ፣ ሥራዋ አረጋውያን መንከባከብ ነው። እንዲህ ያለች ሴት ዓይኗ መጋረጃ ላይ አያርፍም፣ አልጋ ላይ ነው የሚያርፈው።

ምን ታይኛለሽ? የወጥ ቤቱ መስኮት ክፍት ነው ልትይኝ ነው? ይሁን ተይው! እሳት አጠገብ ለሚቆም ሰው አየር ያስፈልገዋል። የወንድሜ ሚስት ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ናት፣ እጇ ይባረክ። ወንድሜና እሷ እማዬን እንጦራለን ብለው እማዬ ቤት ከገቡ ወዲህ ዕረፍት የላትም። ደግሞ እኛ ምን ምስጢር አለን? ስለ አትክልት ነው የምናወራው።

አትክልት ስል… አንዲት የማውቃት ሴት ትዝ አለችኝ። ማን ናት እንዳትዪኝ፣ ስም አልጠራም። ስም እየጠሩ ሰው ማማት አልወድም፣ አሳዳጊዬን አላሰድብም። የአንድ ሰው ሚስት ናት፣ ሰውየው ደግሞ የአንዲት ሴት ወንድም ነው፣ በቃ። ወንድም ያላት ሴት ሁሉ የወንድም ሚስት ይኖራት የለም እንዴ? እንዴት ያለች ጎበዝ መሰለችሽ! እኔ ምቀኝነት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፣ ሰው ሲጎብዝ ሳይ ደስ ይለኛል። ዝናብ እንኳ አይበግራትም እኮ! አንድ ቀን ልጠይቃቸው ብቅ ስል ምን ስታደርግ ባገኛት ጥሩ ነው? በአንድ እጇ ጃንጥላ፣ በአንድ እጇ የውሃ ጎማ ይዛ አትክልት ታጠጣለች። በዝናብ! ከላይ ሰማዩ ተቀዶ እየወረደ እሷ ከታች ታግዘዋለች። ወንድሜም በረንዳው ላይ ቆሞ በስልኩ ፎቶ ያነሳታል… ወንድሜ አልኩ እንዴ? ባሏ ማለቴ ነው። ባሏ። ምላሴንም ዝናብ መታው መሰለኝ።

ፎቶውን ደግሞ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ ላከችው፣ «የእናታችንን ጓሮ በገዛ እጄ» ብላ ጽፋበት። ለአንቺም ደርሶሻል አይደል? … ሳቂ፣ ሳቂ። ያንቺ ሌላ ይሆናል። ፎቶ እንደሆነ ይመሳሰላል።

ጓሮው የአማቷ ነበር። እሳቸው ናቸው ከድንጋይ ለቅመው፣ አፈር ተሸክመው፣ ልጆች ሳይቀር አረም እያስነቀሉ ያቀኑት። በኋላ ጉልበታቸው እምቢ አለ፣ ከዘራ መጣ፣ ከዘራውም አልበቃ አለ። ቢሆንም ምን ቸገራቸው? ክፍላቸው ጓሮው ላይ ነው መስኮቱ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው «ያንን ቅረጪ፣ ይሄንን ተዪው፣ ዶሮዋ ገባች አባርሯት» እያሉ ይውሉ ነበር። ሰው እግሩን ያጣል እንጂ ሥራውን አያጣም የሚያሰኙ ሴት ናቸው።

እና ያቺ የምነግርሽ ሴት ገባችና ክፍሉን አየችው። ሰፊ ነው። ፊት ለፊቱ ጓሮው ነው። ብርሃን አለው። ምን አለች መሰለሽ? «እማማን ንፋስ ይመታቸዋል!» አለች። እንዴት አዛኝ ናት! ዕድሜያቸውን ሙሉ ያልመታቸው ንፋስ እሷ እስክትመጣ ነበር የሚጠብቃቸው? መሆን አለበት። ስለዚህ ጥግ ላይ ወዳለችው ክፍል አዛወረቻቸው፣ ድሮ ባልዲና መጥረጊያ ወደሚቀመጥባት። መስኮትማ አላት፣ ኧረ አላት፣ ሰው አላማም። ስትከፍቺው የጎረቤት ግንብ ታያለሽ። ጥሩ ግንብ ነው፣ ጠንካራ፣ ንፋስ የሚባል አያሳልፍም። ሰፊው ክፍል ውስጥ ደግሞ ግራጫ ሶፋ ገባ። ሶፋው ቀኑን ሙሉ ጓሮውን ያያል። ሶፋ ንፋስ ቢመታውም አያስልም አይደል?

እንግዲህ አማቷ ግንቡን እያዩ በየማለዳው አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤ «ቲማቲሜስ?» ይላሉ። በክረምቱ መጀመሪያ ላይ የመጨረሻውን ችግኝ በከዘራቸው ጉድጓድ ቆፍረው የተከሉት ነው። እሷም ደግ ናት፣ ሰው ማሳዘን አትወድም። «ቀልቷል እማማ!» ትላቸዋለች። በማግስቱም «ቀልቷል!» በሳምንቱም «እንዴት ያለ ቀይ!» እንዴት አይቀላ እህቴ? ድጋፍ እንጨት አልቆመለት፣ የታችኛው ቅጠል አልተለቀመለት፣ መሬት ተኝቶ በዝናብ ላይ ጎማ እየተጨመረለት… ቲማቲም ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ግንዱ ጠቁሮ፣ ቅጠሉ ተጨማዶ፣ ፍሬው አረንጓዴ እንደሆነ ነጠብጣብ እያወጣ ረገፈ።

የባሏ እህት ደግሞ አለች። ልብስ ሰፊ ናት። … አዎ፣ እንደኔው፣ ገጠመኝ ነው። ከተማው ውስጥ ልብስ ሰፊ እኔ ብቻ ነኝ እንዴ? ያቺ ልብስ ሰፊ ሁለት ጊዜ ድጋፍ እንጨት ተሸክማ መጣች። «ተይው፣ ምን አደከመሽ፣ እኔ አለሁ አይደል?» ተባለች። ሰው «እኔ አለሁ» ሲልሽ ምን ትያለሽ? እንጨቱን አጥሩ ላይ አስደግፋ ሄደች፣ እዚያው እንደቆመ ነው። እናቷን እኔ ልውሰድ እንዳትል፣ የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ እናትየው ደግሞ ከአትክልቴ ተለይቼ የትም አልሄድም ይላሉ።

ታዲያ ቅዳሜ ዕለት ያቺ ጎበዝ ሴት ልብስ ሰፊዋ ሱቅ ድረስ መጣች። ልብስ ሰፊዋን ገርሟታል፣ ያቺ ሱቋ መጥታ አታውቅም። «ጠንካራ ክር አለሽ? አረንጓዴ?» አለች። ለምን ሲሏት የልጄ ጃኬት ቁልፍ ተበጥሶ ነው አለች። ልብስ ሰፊዋም ጅል ናት፣ ምን ልደብቅሽ፣ የመጨረሻ ጅል ናት! ደስ አላት። ሰው ለልጁ ቁልፍ ሊተክል ክር ሲጠይቅ ደስ የማይለው አለ? መሳቢያዋን ሁሉ ዘርግታ «ጠቆር ያለውን ነው ነጣ ያለውን?» አለቻት። «ቅጠል የሚመስለውን» አለች። እሷም ለካፖርት የሚሆነውን ወፍራሙን መርጣ፣ በጥርስ እንኳ የማይበጠሰውን፣ ሙሉ ጥቅል ሰጠቻት። ሳንቲምም አልተቀበለቻትም። ልጁ ያለው ጃኬት ግን ሰማያዊ ነው። አንድ ጃኬት ነው ያለው። ይሄ ልብስ ሰፊዋን ትዝ ያላት ሴትየዋ ከሄደች በኋላ ነው፣ ሰማያዊ ጃኬት ላይ አረንጓዴ ክር የአሁን ልጆች ፋሽን ይሆናል ብላ ተወችው።

እሁድ የአማቷ ልደት ነበር። ሰማንያ ሞላቸው። … አዎ፣ እማዬም እሁድ ዕለት ሰማንያ ሞላት፣ አንቺ በጉንፋን ቀረሽ እንጂ። እና? ሰማንያ የሚሞላው አንድ ሰው ብቻ ነው? ዘመድ ሁሉ መጣ፣ ፊኛ ተነፋ፣ ኬኩ ቀረበ፣ ሻማው ጠፋ። ልጅ የልጅ ልጁ ተደርድሮ ግራጫው ሶፋ ላይ እየተፈራረቀ ፎቶ ተነሳ። «እማማ፣ ምን እናድርግልዎት?» ሲሏቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ምንም አልፈልግ። ቲማቲሜን በገዛ እጄ አንድ ልልቀም።»

ያቺ ሴት ግን አልደነገጠችም እኮ! እሳቸው ያንን ማለታቸው እንደማይቀር ታውቃለች፣ ሳምንቱን ሙሉ ሲሉት ሰንብተዋል። «እንዴታ እማማ፣ በስሎ እየጠበቀዎት ነው» አለች። በግራ በቀኝ ደግፈን፣ ጃንጥላ በጃንጥላ ላይ ዘርግተን፣ ጭቃውን እየረገጥን ወረድን። ወረዱ ማለቴ ነው። እነሱ።

እህቴ፣ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ከሩቅ ቀልቷል! ቅጠሉ ሞቷል፣ ግንዱ ሞቷል፣ ፍሬው ግን ያብለጨልጫል። ሁሉም አንድ ዓይነት፣ አንድ መጠን፣ የታጠበ ሁሉ ይመስላል። ጡረታ የወጣው መምህር አጎታችን መነጽሩን ጠራርጎ «ይሄ እንዴት ያለ ዝርያ ነው?» አለ፣ እውነቱን ነው የጠየቀው፣ ምስኪን። ባሏ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ይቀርጻል። አማቷ ዓይናቸው ደክሟል፣ እጃቸው ግን አልደከመም። አንዱን ያዙት፣ ጠምዘዝ አደረጉት፣ ቲማቲም እንደሚለቀመው። አልመጣም። ደግመው ጠመዘዙት። ኧረ እምቢ! ያ የካፖርት ክር በዋዛ ይለቃል? ሦስተኛ ሲስቡት ተክሉ ሥሩ በስብሶ ኖሮ ከነጭቃው ተነቅሎ እጃቸው ላይ ቀረ። ቲማቲሞቹ በክራቸው ተንጠልጥለው ይወዛወዛሉ።

እሳቸው ጣታቸውን ዘርጋ አድርገው ዳበሱት። ክሩን አገኙት፣ ቋጠሮውን አገኙት። ዳበሱ፣ ዳበሱና ቀስ ብለው ምን አሉ መሰለሽ? «ልጄ፣ መቀስ አምጪልኝ። የዘንድሮ ቲማቲም በመቀስ ነው የሚለቀመው።»

ኧረ ፎሶሊያውን ደፋሽው! ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል። … እኔማ ያን ቀን ሆዴን ይዤ ጃንጥላዬን ጣልኩት። አጎታችንም ሳቀ፣ ሕፃናቱም ሳቁ፣ ራሳቸው አማቷ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ያቺ ሴት ብቻ ኮስተር አለች። ምን ብትል ጥሩ ነው? «ዝናቡ እንዳይጥለው ብዬ ነው ያሰርኩት» አለች! እንዴት ያለ ጭንቅላት ነው ግን? በእግዜር ሥራ ገብቶ ፍሬ የሚያስር ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ስንት ዓመት ስሰፋ ቁልፍ እንጂ ቲማቲም ተክዬ አላውቅም። ሰው ሳይሞት ብዙ ይማራል።

ከዚያ በኋላ ያለውን… ከዚያ በኋላ ያለውን ባልነግርሽ ይሻል ነበር። እንግዳው ሲሸኝ ልጅቱ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ እናቷን ወደዚያች ክፍል አስገብታ እግራቸውን አጠበችላቸው፣ በጭቃ ተለውሶ ነበር። እሳቸውም ወደ ግንቡ ዞሩና «ቀልቷል ስትለኝ መች አመንኳት?» አለችኝ። … አሉ። «እኔ ቀይ ቲማቲም መች አማረኝ? ቢበሰብስም፣ ሲበሰብስ ማየት ነበር የፈለግሁት።» እንዲህ አለችኝ እህቴ። እማዬ። ሽንት ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። ተናደድኩ፣ አንጀቴ ነው የተቃጠለው! ቲማቲሙስ ገደል ይግባ፣ ቲማቲም ገበያ ሞልቷል። ሰው ከመስኮቱ ይለያል? በገዛ ቤቱ?

እሺ፣ እሺ፣ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። አይ፣ ለምን ዝቅ አደርጋለሁ? ስለማታውቂያት ሴት ነው የማወራው። በይ ቀንጥቢ።

ምን ልልሽ ነበር? አዎ፣ ያቺም ሴት ልጇን እየዳረች ነው። እንግዶች ይመጡባታል፣ እንደኛው፣ ምናልባትም በዚሁ ቀን። እና የልጅቷ እናት ክፍል ክፍሉን ስታይ «አያትየው የት ነው የሚተኙት?» ማለቷ ይቀራል? በሩ ሲከፈት ግንቡን ታያለች፣ ግንቡም ያያታል። ከዚያ ልጇን አየት ታደርጋታለች። እናት ልጇን ዓይን ዓይኗን እያየች ምን እንደምታስብ እኔና አንቺ አናጣውም። እኔ ያቺን ጎበዝ ሴት ብሆን… እኔ ማን ነኝና ነው ሰው የምመክረው? ግን ብሆን፣ ምሳው ሳይደርስ ሶፋዋን ገፋ፣ አልጋውን ጎተት አደርግ ነበር። ሁለት ሰው ከበቂ በላይ ነው። ባል ደግሞ ምን ይሠራል፣ ፎቶ ብቻ ያነሳል? አሁን ገና አራት ሰዓት ነው። ጊዜ አለ። … ለዚያች ሴት ማለቴ ነው።

የወጥ ቤቱ መስኮት ተዘጋ እንዴ? ምነው፣ ንፋስ መታት?

እስቲ ዝም በይ… ምንድን ነው የሚንኳኳው? ነጎድጓድ ነው? አይ፣ ከውስጥ ነው። አትዙሪ! ዞረሽ እንዳታዪ፣ ቀንጥቢ፣ እኛ ምንም አልሰማንም። ሶፋ ነው የሚገፋው። ሰማሽው ወንድሜን? «ከእግሩ በኩል ያዢው» ይላል። ጎበዝ የኔ ወንድም! እየው፣ አልጋው በሩ ላይ ተቀርቅሮባቸዋል። ኧረ እግዜር ያግዛቸው፣ እኛ እንዳንረዳ እጃችን ፎሶሊያ ነክቷል። … ገባ። ገባ መሰለኝ። ከዘራዋ ይሰማሻል? እማዬ ናት፣ ቀስ ብላ እየሄደች ነው።

ያ መስኮት ሲከፈት ድምፁን ረስቼው ነበር፣ ሁልጊዜ ሲጢጥ ይላል። … ሰማሽ? እሺ እማዬ! ታጥቧል፣ ካሮቱ ታጥቧል! አቤት? ጎመኑን ማን ረገጠው? እኔ አይደለሁም! … እያት እስቲ፣ ከመቀመጧ ሥራ ጀመረች። ዓይኔን ጢስ ገባው መሰለኝ፣ ከየት እንደመጣ እንጃ። ነገ ያንን እንጨት ከአጥሩ ሥር አምጥቼ ለፎሶሊያው ተክል አቆምለታለሁ፣ እሷ ከዚያ ሆና ታዘኛለች።

ጉድ፣ መጣች። ሳቅሽን ዋጪው። … እንዴ የኔ እመቤት! ነይ፣ ነይ አረፍ በይ! ምነው እንዲህ ላብ በላብ ሆንሽ? ፊትሽም ቀልቷል፣ ደግሞ ይሄኛው የራስሽ ነው። ምን እያወራችሁ ነው አልሽ? አይ፣ ምንም፣ ስለ አንዲት ሴት ነው፣ አታውቂያትም። አልጋውን አዛወርሽው? ለእማዬ? ሳይነግሩሽ? ወይ ልብ! እንዲህ ያለ ልብ ከየት ይገኛል? አንቺ እህቴ፣ አላልኩሽም ጎበዝ ናት?

እንግዲህ ዛሬ ልጅሽን የምትድሪበት መንገድ የሚጀመርበት ቀን ነው፣ ዝም ብዬ አላሳልፈውም። ልመርቅሽ። ጠጋ በይ፣ ራስሽን ዝቅ አድርጊ። ልጅሽን ይባርክልሽ። ጎጆውን ያሙቅለት። ለአንቺም ዕድሜ ይስጥሽ፣ ሰማንያውን እለፊው፣ ከዚያም በላይ ኑሪ። ጉልበትሽ ደክሞ አልጋ ላይ የምትውይበት ጊዜ ሲመጣ ደግሞ፣ ዛሬ በዚያ በር የምትገባው ምራትሽ… እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ አንቺ ለእማዬ የሆንሽላትን ሁሉ፣ ምንም ሳትጨምር፣ ምንም ሳትቀንስ፣ ልክ እንዳንቺው ትሁንልሽ።

ምነው ዝም አልሽ? አሜን በይ እንጂ!